የአየርላንዶቹ እሹሩሩ

ሰው የልቡን ሰው መጀመሪያ የሚያየው ፊቱን ነው። ሀሴት ግን ያየችው ጫማውን ነው፤ ያውም ከታች ወደ ላይ አንጋጣ፣ ከጣሪያ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ።

ቀኑ ከፈረንጆች ገና በፊት ያለው ቅዳሜ ነበር። የአውስትራሊያ በጋ ነውና የሜልቦርኗ ሴንት አልባንስ ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ገብታለች። ከረፋድ ጀምሮ ሲነፍስ የዋለው የሰሜን ነፋስ የጎረቤትን የቆሻሻ ቢን መንገድ ላይ አንከባሎ፣ የእነሱን አንቴና ደግሞ አጣሞ ሄዷል። ቴሌቪዥኑ ድርግም ብሏል። ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ «የኬልቲክ ገና» ይጀምራል!

«የኬልቲክ ገና» ምንድነው ለምትሉ... ከአየርላንድና ከስኮትላንድ የተሰባሰቡ ሙዚቀኞች በአንድ የድንጋይ ግንብ ውስጥ ሆነው የሚያቀርቡት የበዓል ኮንሰርት ነው። በዓመት አንዴ በቴሌቪዥን ይታያል። ረጅም የቬልቬት ቀሚስ የለበሱ ሦስት ሴቶች ይዘምራሉ፤ ሲጫወት አንድ ዓይኑን የሚጨፍን ባለ ቫዮሊን አለ፤ ትልቅ ሀርፕ የምትደረድር ቀይ ጸጉር ያላት ልጅ አለች። ከኋላቸው በረዶ ይወርዳል። ሀሴት ትራም ነጂ ናት፤ ለዚህች አንድ ምሽት ብላ ሺፍቷን ለማስቀየር ለባልደረባዋ ሁለት እሑዶቿን አሳልፋ ሰጥታለች። እንግዲህ ቴሌቪዥኑ ድርግም ሲል ልቧ እንዴት ድርግም እንዳለ ገምቱ።

አባቷ ጋሼ ወልደአማኑኤል ከቤተክርስቲያን ወዳጆቻቸው ስልክ ጠይቀው አንድ አንቴና ሠሪ ሐበሻ አስመጡላት። እሱ ጣሪያው ላይ ነው፤ እሷ ሳሎን ውስጥ ሆና፣ በመስኮት ከሚታያት ጫማው በቀር ሳታየው ትጮኻለች።

«አሁንስ?» ይላል ድምፁ ከላይ።

«ምንም!»

«አሁን?»

«ይቆራረጣል! ፊታቸው እየተቆራረሰ ነው!»

«አሁንስ?»

በዚህ ጊዜ አንድ ቀጭን ቫዮሊን ቤቱን ሞላው። ሀሴት በደስታ ዘለለች።

«መጣ! መጣ! አትንካው! በቃ እንዳትንቀሳቀስ!»

«ታዲያ እዚሁ ልደር?» አለ ድምፁ።

ጋሼ ወልደአማኑኤል ሶፋቸው ላይ ሆነው ሳቃቸው አመለጣቸው። ልጁ መሰላሉን ወርዶ በሩ ላይ ሲቆም ሀሴት ዞር ብላ እንኳን አላየችውም። የመሣሪያ ሣጥኑ በቴሌቪዥኑ ማዶ፣ ግድግዳው ሥር ነው ያለው። ሣጥኑን ለማንሳት በስክሪኑ ፊት ማለፍ አለበት።

«ላልፍ ነበር...» አለ በትሕትና።

«በፍጹም! ማስታወቂያ እስኪገባ ጠብቅ!»

«እሺ።» ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። ትንሽ ቆየና ለራሱ የሚያወራ መስሎ «ሰውዬው ጢሙን ተላጨው እንዴ?» አለ።

ሀሴት ያን ጊዜ ዞረች።

«ምን አልክ?»

«ባለ ቫዮሊኑን ነው። አምና ጢም ነበረው። ጢሙ ያምርበት ነበር።»

«አንተ... ይሄን ታያለህ?»

«በየዓመቱ። ፐርዝ እያለሁ ከእናቴ ጋር ነበር የማየው። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ብቻዬን ነኝ።» አፈር ብሎ ሳቀ። «ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ለሐበሻ ጓደኞችህ 'ዛሬ የአየርላንድ መዝሙር ስላለብኝ አልመጣም' እንዴት ትላለህ?»

ሀሴት አፏን ያዘች። በዚህ ሁሉ ዓመት በሜልቦርን ከተማ ይህን ነገር የሚወድ ሐበሻ እሷ ብቻ የሆነች መስሏት ነበር! ቀና ብላ በደንብ አየችው። ረጅም፣ ጠይም፣ አፍንጫው ላይ የጣሪያ አቧራ የተቀመጠበት፣ ሲያፍር ጆሮው የሚቀላ ልጅ ነው።

«ስምህ ማነው?»

«ከነዓን።»

«ከነዓን፣ ቁጭ በል። ሣጥንህ አይጠፋም።»

ተቀመጠ። ጋሼ ወልደአማኑኤል የነቢያትን ጾም እየጾሙ ስለነበር ለእንግዳው ቀዝቃዛ ሱፍ ፍትፍት ቀረበለት። እሳቸው በጾም ወራት ቤታቸው ውስጥ ዘፈን አያስከፍቱም፤ ለዚህች ምሽት ብቻ ነው የሚያላሉት። ከነዓን በዓይኑ ሲጠይቃቸው ገባቸውና ጣታቸውን ወደ ሀርፑ ቀሰሩ።

«እቺ ልጅ በገና ነው የምትደረድረው። ስለ ልደቱ ነው የሚዘምሩት። ቋንቋው እንጂ ሌላው ምኑም አይጎረብጥም» አሉ። ነገሩ እንዳበቃለት ቆጥረው ተደላደሉ።

ከመጨረሻው ዜማ በፊት ግን የመድረኩ መብራት ደብዘዝ አለ። ከሦስቱ ሴቶች አንዷ ወደ ፊት መጥታ በቀስታ ማዜም ጀመረች። እሹሩሩ ነው፤ እናት ሕፃኗን ስታስተኛ የምታንጎራጉረው። ቃሉ ባይገባም እሹሩሩነቱ ይገባል። ጋሼ ወልደአማኑኤል ከሶፋቸው ተነሱ።

«ሀሴት፣ ድምፁን ቀንሺው። ጎመኑን ውኃ ላጠጣ» ብለው ወደ ጓሮ ወጡ።

«ለምን ወጡ?» አለ ከነዓን በሹክሹክታ።

«ሁሌም እንደዚህ ነው። በየዓመቱ እዚህ ዜማ ላይ ጎመኑ ይጠማዋል» አለች ሀሴት፤ ፈገግታዋ ግን አዘነ። «እናቴ ትዝ እያለችው ነው። መጀመሪያ ወደዚህ አገር ስንመጣ ካርልተን ያለው የመንግሥት ፎቅ ላይ ነበር የምንኖረው። አንድ ቴሌቪዥን ሰዎች ከደጃቸው አውጥተው ከጣሉት ላይ አነሳን። ስንከፍተው ይሄ ዝግጅት መጣ። ማናችንም እንግሊዝኛ አንችልም። እናቴ ግን ይሄን እሹሩሩ ስትሰማ አለቀሰች፤ ሲያልቅም አላቆመችም። ሃይስኩል እያለሁ ነው ያረፈችው።»

ከነዓን ወደ እሷ ጠጋ አለ። ሪሞቱን ከእጇ ቀስ አድርጎ ወሰደና ድምፁን አንድ ደረጃ ብቻ ጨመረላት። ሀሴት በኋላ ስታስበው፣ የወደደችው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ እንደ ሕልም ሆነ። ካርልተን አጠገብ ባለች አንዲት የአየርላንዶች መጠጥ ቤት ውስጥ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎች ክብ ሠርተው ይጫወታሉ። ሁለቱ ሐበሾች ጥግ ላይ ብርቱካን ጭማቂ ይዘው ሲቀመጡ መጀመሪያ ሰው ሁሉ ገልመጥ ያደርጋቸው ነበር፤ ቆይቶ ግን ወንበር ይያዝላቸው ጀመር። ሀሴት አንዲት ትንሽ የቆርቆሮ ዋሽንት ገዛች። አጨዋወቷ እንዴት ነው ብትሉኝ፣ የጎረቤት ውሻ ይመሰክራል። ከነዓን ግን ዓይኑን ጨፍኖ ያደምጣት ነበር።

አንድ ቀን ከመሃል ከተማ ትራሟ ላይ ተሳፈረ። ከሹፌሩ ክፍል በስተኋላ ቆሞ፣ ሳያናግራት፣ ሰዎቹ አንድ በአንድ እስኪወርዱ ጠበቀ። መጨረሻው ፌርማታ ስትደርስ እሱ ብቻ ቀርቷል።

«አንተ! ለምንድነው ያልወረድከው?»

«መውረጃዬ አልደረሰም ነበር።»

«ይሄ እኮ የመጨረሻው ነው። ከዚህ በኋላ ሐዲድ የለም።»

«እንግዲያው ደርሻለሁ» አለ። ጆሮው ቀላ። «ሀሴት... አንቺ ጋ ነው የምወርደው።»

ሀሴት ፊቷን ወደ መስታወቱ አዞረች። ደስታ ሲበዛባት የምትደበቅበት ስለሌላት ነው።

ለአባቷ ግን አልነገረቻቸውም። የእኛ ሰው ነገር ታውቃላችሁ፤ ሽማግሌ ሳይላክ ልጅ በአባቷ ፊት «እወደዋለሁ» አትልም። ጋሼ ወልደአማኑኤል ከነዓንን የሚያውቁት ጎመናቸውን የሚያመሰግን አንድ ደግ አንቴና ሠሪ እንደሆነ ብቻ ነው። እናቱ እትዬ ያለምዘውድ ለእንቁጣጣሽ ከፐርዝ ጠቅልለው ሊመጡ ነበር። ዕቅዱ ቀላል ነው፦ መጀመሪያ ቤተሰቦቹ እንደ ወዳጅ ይተዋወቁ፤ ከዚያ ሽማግሌ ይላካል።

የእንቁጣጣሽ ቀን እትዬ ያለምዘውድ ነጭ ለብሰው፣ ልጃቸውን አስከትለው የሴንት አልባንሱን ቤት ደጃፍ ረገጡ። ጋሼ ወልደአማኑኤል ሊቀበሏቸው ወጡ። ሁለቱ ወላጆች ተያዩ... እንደገና ተያዩ።

«ወልዴ?» አሉ እትዬ ያለምዘውድ። «የካኩማው ወልዴ?»

«ነርሷ!» አሉ ጋሼ ወልደአማኑኤል።

ካኩማ ማለት ኬንያ በረሃ ውስጥ ያለ የስደተኞች ሠፈር ነው። እትዬ ያለምዘውድ እዚያ ክሊኒክ ውስጥ ይረዱ ስለነበር ሰው ሁሉ «ነርሷ» ነበር የሚላቸው፤ እውነተኛ ስማቸውን ያወቀ አልነበረም። ተቃቅፈው አለቀሱ። ከዚያ እትዬ ያለምዘውድ ቀና ሲሉ ከበሩ ኋላ የቆመችውን ሀሴትን አዩ። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ወልዴ... ይቺ ሚጡ ናት? ይቺ የኔዋ ሚጡ ናት?»

እልልታቸው መንገዱን አቋርጦ የጎረቤትን መስኮት አስከፈተ። ሀሴትን አቅፈው ሳሟት፤ ጉንጯን፣ ግንባሯን፣ እጇን ሳሙ።

«እኔ እኮ ነኝ ክርስትና ያነሳሁሽ! በዚህ እጄ! ያኔ ስምሽን እንኳን አላወጡልሽም ነበር፤ ሚጡ ነበር የምንልሽ። ከክርስትናሽ ሁለት ወር ሳይሞላ እኔን ወደ አውስትራሊያ ወሰዱኝ... የክርስትና ስምሽ ወለተ ማርያም አይደል?»

«ነው» አለች ሀሴት፤ ድምጿ ከሩቅ መጣባት። የክርስትና እናቷ ማን እንደሆነች ስትጠይቅ አባቷ ሁሌም «ከካኩማ በኋላ ተለያየን» ነበር የሚሏት።

ከእትዬ ያለምዘውድ ትከሻ በላይ ከነዓንን አየችው። ፊቱ አመድ መስሏል። አባቷም ክው ብለው ቆመዋል።

«ውኃ... ውኃ ላምጣ» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። ብዙ ቆይተው፣ ውኃውንም ሳይዙ ተመለሱ።

ሀሴትና ከነዓን ጎመኑ ዘንድ ተገናኙ። ከቤት ውስጥ የእትዬ ያለምዘውድ ሳቅ ይሰማል።

«እናቴ ክርስትና ካነሳችሽ...» አለ ከነዓን።

«አትበለው።»

«ወንድምሽ ነኝ ማለት ነው።»

«አትበለው አልኩህ!»

ክርስትና ያነሳች እናት እናት ናት፤ ልጇም ወንድም ነው። ይህን የማያውቅ የለም፤ ከሥጋ ዝምድናም አይተናነስም። ከነዓን በሳምንቱ ቄሱ ዘንድ ሄዶ ጠየቀ። ቄሱ እጃቸውን ትከሻው ላይ አድርገው «ልጄ፣ ይሄ አይሆንም» አሉት፤ ራሳቸውም አዝነውለት ነበር። የሀሴት ዕድሜ ካኩማ ከነበሩበት ዓመት ጋር ቢቆጠር ኖሮ ይሉ ይሆናል አንዳንዶች። በስደት የመጣ ሰው ግን ልደቱ በወረቀት ላይ ጃንዋሪ አንድ ነው፤ ዓመቱም በግምት ነው፤ ማን ቆጥሮ ማን ይደርስበታል።

ከነዓን ራቅ ባለችው ቤንዲጎ ከተማ ሥራ አገኘና ሄደ። እትዬ ያለምዘውድ ደግሞ በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ሴንት አልባንስ ይመጣሉ። ሴት ልጅ አልነበራቸውም። ሀሴትን ከእግራቸው ሥር ያስቀምጡና ጸጉሯን እየሠሩ «ልጄ... ልጅዬ» ይላሉ። ሀሴት እንባዋን ትውጣለች። እኚህን ሴት መጥላት አልቻለችም፤ ይልቁንም ወደደቻቸው፤ ያ ደግሞ ባሰባት።

አንድ ቀን ከነዓን ደወለ።

«እንዴት ነሽ... እህቴ?»

«ስሜን ጥራ፤ ካልሆነ አትደውል።»

ስልኩን ዘጋው። ከዚያ በኋላ አልደወለም።

ዓመቱ ዞረ። ከፈረንጆች ገና በፊት ያለው ቅዳሜ ደረሰ። ሀሴት ዘንድሮ ሺፍቷን አላስቀየረችም ነበር፤ ዕረፍቷ እንዲያው ገጠመ እንጂ። «የኬልቲክ ገና»ን ባላየሁ ብላ ነበር። እትዬ ያለምዘውድ ግን ያንን ዝግጅት ይወዱታል።

«ልጆቼን ግራና ቀኝ አድርጌ ካላየሁት ሞቼ እገኛለሁ!» አሉ። ከነዓንንም ከቤንዲጎ «መኪና ንዳልኝ» ብለው ጠሩት።

እናም አራቱ ያችው ሳሎን ውስጥ ተቀመጡ። ፀሐይዋ ገና አልገባችም፤ በመጋረጃው ቀዳዳ የወርቅ ክር እየፈተለች ወለሉ ላይ ትጥለዋለች። ቬንቲሌተሩ ይዞራል። ስክሪኑ ውስጥ በረዶ ይወርዳል። ባለ ቫዮሊኑ ጢሙን መልሶ አሳድጓል። ሀሴትና ከነዓን እኩል አዩት፤ እኩል ሊናገሩ ከንፈራቸውን አላቀቁና... እኩል ዝም አሉ።

ሀሴት እትዬ ያለምዘውድ እግር ሥር ምንጣፉ ላይ ናት። እሳቸው ጸጉሯን እየዳበሱ ድንገት «አንቺ እንኳን ንገሪው እንጂ ልጄ» አሉ። «ይሄ ልጅ ሰኞ ጠቅልሎ ፐርዝ ሊመለስ ነው። ምን እንደነካው እንጃ። እህቱ አይደለሽ? አንቺን ይሰማሻል።»

ሰኞ! ሀሴት ከነዓንን አየችው። እሱ መሬት መሬቱን ያያል።

ያን ጊዜ መብራቱ ደብዘዝ አለ። ሴትዮዋ ወደ ፊት መጣች። እሹሩሩው ተጀመረ።

«ድምፁን ቀንሺው» አሉ ጋሼ ወልደአማኑኤል እንደ ልማዳቸው እየተነሱ። «ጎመኑን...»

ሀሴት ግን አልተንቀሳቀሰችም። እንባዋ ይወርዳል። እናቷ ያን ዓመት ካርልተን ፎቁ ላይ እንዳለቀሰችው ሆና ነበር የምታለቅሰው፤ ድምፅ ሳታሰማ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ሁለት እጇን ባዶ ጭኗ ላይ ዘርግታ። ጋሼ ወልደአማኑኤል የጓሮውን በር እጀታ ይዘው ቀሩ። ያንን አለቃቀስ ያውቁታል።

«ሀሴትዬ... ለማነው የምታለቅሽው?»

«ለማንም አይደለም አባዬ።»

«እናትሽ እንደዚህ ያለቀሰችው ለሄደ ሰው ነበር። አንቺ ማን ሄዶብሽ ነው?»

ሀሴት ልትዋሽ ፈለገች። አቃታት።

«እወደዋለሁ አባዬ» አለች። «ከእንቁጣጣሽ በፊት... ወንድሜ መሆኑን ሳላውቅ። ሽማግሌ ሊልክ ነበር። ይቅር በለኝ፤ ልተወው ሞከርኩ፤ አልቻልኩም!»

ሳሎኑ ውስጥ እሹሩሩው ብቻ ይሰማል። እትዬ ያለምዘውድ እጃቸው ሀሴት ጸጉር ላይ እንደደረቀ ቀረ። ከነዓን ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

ጋሼ ወልደአማኑኤል የበሩን እጀታ ለቀቁ። ተመልሰው መጡ። ሪሞቱን አንስተው ድምፁን አጠፉት። ከዚያ እትዬ ያለምዘውድ ፊት ቆሙ፤ ቆብ ባይኖራቸውም ቆብ እንደሚያወልቅ ሰው እጃቸውን ወደ ራሳቸው ሰደዱ።

«ያለምዘውድ» አሉ። «መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ሰው ተሰብስቦ። ይሄን አውቃለሁ። በዓል ላይ አይነገርም ብዬ እንቁጣጣሽን አለፍኩት። ከዚያ መስቀል መጣ። ከዚያ አንቺ በየእሑዱ 'ልጄ' እያልሽ ስትመጪ አፌ ተሳሰረ። ደስታሽን በምን አንደበቴ ልንጠቅሽ? ማንንም አይጎዳም ብዬ ነበር። እነዚህ ልጆች እሳት ላይ መሆናቸውን ባውቅ...»

«ወልዴ፣ ምንድነው የምትለኝ?»

«ልጅሽ አርፋለች፣ ያለምዘውድ። ክርስትና ያነሳሻት ሚጡ... አንቺ በሄድሽ በወሩ ወባ ይዟት አረፈች። እዚያው ካኩማ ነው የቀበርናት። ሀሴት ከእሷ በኋላ የተወለደች ናት። እሷን ክርስትና ያነሳቻት ሌላ ሴት ነበረች፤ አሁን ካናዳ ናት። የሀሴት እናት ቄሱን ለምና ነው ሁለተኛዋንም ወለተ ማርያም ያስባለቻት።»

እትዬ ያለምዘውድ መጀመሪያ አልጮኹም። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና እንደ ለቅሶ ቤት አዘቅዝቀው ለበሱት። ከዚያ ነው ድምፃቸው የወጣው።

«ሚጡዬን! እኔ ሳልቀብራት! እኔ በየዓመቱ ሻማ ስለኩስላት... በሕይወት ላለች እየመሰለኝ!»

ጋሼ ወልደአማኑኤል አጠገባቸው ተቀመጡና አብረው አለቀሱ። ያን ሁሉ ዓመት ጎመን ሥር ያፈሰሱትን እንባ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት አፈሰሱት። ሀሴት ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠች ነበር። እህት ነበረቻት። እናቷ በባዶ ክንዷ ታስተኛት የነበረችውን አሁን አወቀቻት። ማዘኗንና ልቧ ውስጥ የተከፈተውን ብርሃን መለየት አቃታት፤ በአንድ ጊዜ ነው የመጡባት።

«አባዬ... ለእኔስ ለምን አልነገርከኝም?»

«እናትሽ ናት የከለከለችኝ። 'ሀሴት የሌላ ሰው ጥላ ላይ እንዳታድግ' አለችኝ። እሷ ስትሄድ ደግሞ እኔ ለብቻዬ መጀመር አቃተኝ፣ ልጄ።»

ከነዓን በቀስታ መጥቶ አጠገቧ ተንበረከከ። እጁን ዘረጋ።

«ለቅሶ ላይ ነን» አለችው በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ። እጅሽን ብቻ።»

ሰጠችው።

እትዬ ያለምዘውድ ብዙ ካለቀሱ በኋላ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ስም አወጣችሁላት?»

«ፀደንያ» አሉ ጋሼ ወልደአማኑኤል። «እናቷ ናት ያወጣችላት። ከተቀበረች ወዲህ ስሟን ጮክ ብዬ ስጠራው ይሄ መጀመሪያዬ ነው።»

«ፀደንያዬ...» እትዬ ያለምዘውድ ስሙን ደጋገሙት። ከዚያ ዞረው ሀሴትን፣ ከነዓንን፣ የተያያዙትን እጆች አዩ። ቅንድባቸው ቀስ ብሎ ተነሳ።

«ነይ እስቲ አንቺ። እንግዲህ አንቺን እኔ አላነሳሁሽም?»

«አላነሱኝም፣ እማማ።»

«ቁርጥ ነው?»

«ቁርጥ ነው» አሉ ጋሼ ወልደአማኑኤል።

«ተመስገን!» አሉ፤ በራሳቸው አፍ ደንግጠው ከንፈራቸውን መቱ። «ይቅር በለኝ ፈጣሪዬ፣ በለቅሶዋ ላይ!» እያለቀሱ ሳቁ። ሀሴትን ወደ ደረታቸው ሳቧት። «ለካስ ዝም ብሎ አይደለም ይሄ ልጅ የከሳብኝ! ሞኝ! ፐርዝ ሊሄድብኝ ነበር! በይ፣ ነገ እሷን በቤተክርስቲያን በጸሎት አስበን እንውላለን። የኛው ጾም ሲፈታ ደግሞ ሽማግሌ እልካለሁ። ልጄ አይደለሽም አሉ፤ እሺ፣ ትሆኛለሽ እንጂ ወዴት ትሄጃለሽ?»

ድምፅ በሌለው ስክሪን ላይ ሦስቱ ሴቶች አፋቸውን እየከፈቱ ይዘምራሉ፤ በረዶው ይወርዳል፤ ማንም አያያቸውም። ሀሴት ያን ዓመት የዝግጅቱን መጨረሻ ሳታይ ቀረች። ከዚያ በፊት እንዲህ ሆኖ አያውቅም፤ ግድም አልሰጣት።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። የመጠጥ ቤቱ ሽማግሌዎች ቫዮሊናቸውን ይዘው መጡ፤ የእኛዎቹ እስክስታ ሲመቱ የእነሱ የቫዮሊን ቀስት ከምቱ ወደ ኋላ አልቀረም። ሀሴት ዋሽንቷን እንዳታመጣ ሁለቱም ቤተሰብ ለምነዋት ነበር።

ታህሣሥም ደረሰ። ያው ቅዳሜ፣ ያው ሙቀት፣ ያው ሶፋ። ከነዓን ከቀትር ጀምሮ ጣሪያው ላይ ሁለቴ ወጥቶ አንቴናውን አይቷል፤ ምንም አልሆነም ነበር። ሀሴት ራሷን ትከሻው ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። እትዬ ያለምዘውድ ሱፍ ፍትፍታቸውን ይዘዋል።

ከመጨረሻው ዜማ በፊት መብራቱ ደብዘዝ አለ። ሴትዮዋ ወደ ፊት መጣች። ሀሴት አባቷን በዓይኗ ጥግ እያየች እጇን ወደ ሪሞቱ ዘረጋች። የጓሮው በር ክፍት ነው። ጎመኑም ከበሩ ወዲያ ቆሟል።

ጋሼ ወልደአማኑኤል አልተነሱም። ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ አመቻቹና ወደ ኋላ ደገፍ አሉ።

«ድምፁን ጨምሪው፣ ልጄ» አሉ። «ፀደንያም ትስማው።»